መስኮታችንን የበላው ካርድ

ቦዩ፣

ቁልፌን ጫማ መደርደሪያው ላይ ትቼልሃለሁ። ማብሰያው ውስጥ ያለውን ሩዝ ዛሬውኑ ብላው፤ በዚህ ሙቀት አያድርም።

«ይሄ ግራፊክስ ካርድ ዋጋውን ያወጣል ወይ?» እያልክ ሦስት ሳምንት ስትነዘንዘኝ «አንተ ታውቃለህ» ማለቴ የኔ ጥፋት ነው። አያወጣም ልልህ ይገባ ነበር።
ግን መስኮት ላለው ቤት ካጠራቀምነው ላይ ድርሻህን ትነካለህ ብዬ በምን ልጠርጥር? ታይፔ መጥተን መስኮት በሌለው ክፍል ሁለት ዓመት አብረን ሻግተናል እኮ!

ትናንት ደግሞ ካርዱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ገጥመህ፣ ጌምህን ከፍተህ፣ ስክሪኑ ፊት ጎትተኸኝ «ፀሐይዋ ውሃው ላይ ስታርፍ እያት፤ ቁርጥ የእውነቷን!» አልከኝ።
አየኋት። ታምራለች።
ያናደደኝም እሱ ነው።

ክፍል አግኝቻለሁ። መስኮት አለው። ጠባብ ነው፣ ለአንድ ሰው።

ደግሞ፣ እዚህ ታይዋን ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ኮምፒውተሩ እንዳያስቸግርህ ብለህ አናቱ ላይ ያስቀመጥከውን ባለ አረንጓዴ ከረጢት የበቆሎ ቺፕስ እንዳትፈልገው። እንደማይበላ አውቃለሁ፤ ከተነካ ማሽኑ ይቀየማል ብለህ ስንቴ አስጠንቅቀኸኛል።
ቁጭ ብዬ፣ አንድ ሳላስቀር፣ በላሁት።

ጂንግሼንግ