ጋሼ ሸረፋን በጭብጨባ

ሰኞ
አርብ ጋሼ ሸረፋን ከቀበሌው ምክር ቤት ሊያባርሯቸው ነው። ጥፋታቸው መናገር ነው። ባለፈው ስብሰባ ተነስተው፣ «የሰፈሩ ሱቆች ይፍረሱ ከማለታችን በፊት ባለሱቆቹን እንጠይቅ» አሉ። ሊቀመንበሩ ዲሲፕሊን ጥሰዋል አለ። እኔም እንደሳቸው የሰፈሩ ተመራጭ ነኝ። እስከ ዛሬ ግን ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም።

ማክሰኞ
መንገድ ላይ የገዛሁትን ሕገ መንግሥት ደግሜ አነበብኩ። ማንበብ የተማርኩት በራሴ ስለሆነ ቀስ እላለሁ። ተመራጭ በስብሰባ በሰጠው አስተያየት አይከሰስም፤ የሚነሳውም የመረጠው ሕዝብ እምነት ሲያጣበት ነው ይላል። ግን የሚያወራው ስለ ትልቁ የአገሪቱ ምክር ቤት ነው። ለቀበሌስ ይሠራል? የምጠይቀው ሰው የለኝም። ቅመም ስሸጥም በርበሬ ላለችኝ ደንበኛ ሚጥሚጣ መዝኜ ተሰደብኩ።

ረቡዕ
ጋሼ ሸረፋ ጋ ሄድኩ። ጆንያ እያጠፉ ነበር። «አንቺ ዝም በይ፤ አባት የሌላቸው ልጆች ይዘሻል» አሉኝ። «ደግሞ ቢያባርሩኝ ምን አለበት? ስብሰባው ቀርቶልኝ አርብ አርብ ጁምዓዬን ተረጋግቼ እሰግዳለሁ» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሐሙስ
በደርግ ጊዜ አንድ ጎረቤታችን ከሰፈር ይውጣ ሲባል እኔም አጨብጭቤአለሁ። ሚስቱ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እሷን አስቤ ዋልኩ።

አርብ
ሊቀመንበሩ ክሱን አንብቦ ጨረሰና፣ «በጭብጨባ እናሰናብታቸው» አለ፤ እንደ ልማዳችን። በጭብጨባ ማን እንዳላጨበጨበ አይታወቅም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ መቀመጥ እችል ነበር። ተነሳሁ።
«እጅ ይቆጠር» አልኩ። «የመረጣቸው ሕዝብ ነው። እኛ በምን ሥልጣን ነው የምናወጣቸው?»
«እትዬ ዘነበች ዛሬ ጠበቃ ሆኑልን!» አለ ሊቀመንበሩ። ተሳቀ። «እሺ፣ መሰናበታቸውን የሚደግፍ እጁን ያውጣ።»
ሰው ግራ ቀኝ ተያየ። ከፊት የተቀመጡት አወጡ። ከኋላ ብዙው እጅ አልተነሳም። ሊቀመንበሩ ቆጠራውን ሳይጨርስ፣ «ለሚቀጥለው ይተላለፍ» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

ቅዳሜ
ሊቀመንበሩ ራሱ ወደምሸጥበት በርበሬ በረንዳ ድረስ መጣ።
«እትዬ፣ ማን ነው ያስጠናዎት?»
«አንብቤ ነው።»
«ተዉ እንጂ!» አላመነኝም። «በሚቀጥለው የእርስዎም ጉዳይ ይታያል» ብሎኝ ሄደ።
የበርበሬው ኬሻ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ ሸረፋ አሁንም አባል ናቸው። እኔም ለጊዜው ነኝ። የሚቀጥለውን አላውቅም። ፈርቻለሁ። ግን ከሰኞ ወዲህ ዛሬ ገና ራበኝ።