የተክለብርሃን የእንስሳት ሳጥን

ለውድ ወንድሜ ለዓምደ ሚካኤል፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትህን እጠይቃለሁ። የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የእጅህ መንቀጥቀጥስ ጋብ አለልህ? እኔ እዚህ ወሰን ሰፈር ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን የተበደልከውን እንዴት እንደተበቀልኩልህ እንድታውቅ ነው።

ሳይንስ ሳስተምር ከእንጦጦ ጥድ የጠረብክልኝን ስልሳ እንስሳት ታስታውሳለህ። ልጆቹ አጥቢውን ከአጥቢ፣ ተሳቢውን ከተሳቢ፣ ነፍሳቱን ከነፍሳት እየለዩ በሳጥኑ ክፍሎች ይደረድሯቸው ነበር። የቀድሞ ተማሪዬ ተክለብርሃን ለሥልጠና ብሎ ወሰዳቸውና በዚያው አስቀራቸው። ዘንድሮ መገናኛ አንድ ሱቅ ውስጥ በፕላስቲክ ተሠርተው አገኘኋቸው። የግመልህ የተሰበረ ጆሮ እንኳ ሳይቀር ተቀድቷል። ክዳኑ ላይ «የተክለብርሃን ፈጠራ» ይላል።

ሳጥኑን ስከፍተው ግን ደስ አለኝ። ያኔ ወላጆች ቤተ ክርስቲያን እንዲበላ የምትፈቅደውንም አስተምሪልን ሲሉኝ፣ ከሚበሉት እንስሳት ሥር ቀይ ነጥብ አድርጌ ነበር። ይህ ሰው ነጥቡን የእንስሳት ወገን መለያ መስሎት ላምን፣ ዶሮንና ዓሣን በአንድ ክፍል፣ አህያን፣ አዞንና ጥንዚዛን በሌላው ከቷቸዋል። ሁለት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ሕፃናት በዚያ መማራቸው ያሳዝነኛል፤ ኃጢአቴን አልክድም። ነገር ግን ስሕተቱ ሰው በተሰበሰበበት እንዲጋለጥ ፈለግሁ።

የሰፈራችን መዋዕለ ሕፃናት ወላጆችን ጠርቶ ሳጥኑን ሲያስተዋውቅ ከፊት ተቀመጥኩ። ተክለብርሃን አይቶኝ «አስተማሪዬ እዚህ ናቸው» ብሎ አስጨበጨበልኝ። እኔም ተነሥቼ፣ አህያና ጥንዚዛ በምን እንደሚዛመዱ በትሕትና ጠየቅሁት። ላቡን እየጠረገ «ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው» አለ። ሥርጉት የምትባል አንዲት እናት ከኋላ ሆና «ወንድሜ፣ ይሄ ለትምህርት ቤት ነው ለምግብ ቤት? አንዱ ክፍል የሚበላ፣ ሌላው የማይበላ ነው እኮ» ስትል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ያዘዙት ትምህርት ቤቶች ሁሉ በሳምንቱ መለሱለት።

ከዚያ ሽማግሌ ላከብኝ። የነፍስ አባቴ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ወርደው ይቅር በይው አሉኝ። እኔም የወንድሜን እንስሳት ይመልስ፣ ቅዳሜም በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት፣ በሕፃናቱ ወንበር ተቀምጦ በእጄ ይፈተን አልኩ። ሽበት ያወጣ ሰው ማዋረድ ነው ቢሉኝ፣ ዕድሜውን አልጠየቅሁም አልኳቸው። ይህን ቂም ይዘሽ እንዴት ልትቆርቢ ነው ሲሉኝም፣ «አባ፣ ከቅዳሜ በኋላ እመጣለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው። ዛሬ ጠዋት እሺ ብሎ ልኮብኛል።

ልጅህን ሐመልማልን በጉንጯ ሳምልኝ። ለባሏ ለሊሊሳ አክብሮቴን ንገረው፤ ትንሿ አያንቱም ፊደሏን እንዳታቋርጥ። ለፈተናው አርባ ጥያቄ አውጥቻለሁ። የመጀመሪያው «እነዚህን እንስሳት የጠረበውን ሰው ሙሉ ስም ጻፍ» ይላል። ይህን ከሳተ ቀሪውን ሠላሳ ዘጠኝ አላርምለትም።

እህትህ ወለተማርያም
ወሰን፣ የካ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.