ወደ ቀኝ የሚስበው መኪናችን

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ለውድ ልጄ፣

«አባዬ፣ ሥራውን አልቀበለውም። ተንቀሳቃሽ ክሊኒኩን የሚመራው ሐኪም መኪናውን ራሱ መንዳት አለበት፤ እኔ ደግሞ መንዳት አልችልም። አልችልም ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ አንተ ነህ። ‹እጅሽ ለመሪ አልተፈጠረም፤ ይሄ በትምህርት የሚመጣ ነገር አይደለም› ብለኸኝ የለ? አንተ ደግሞ ሳትለካ አትናገርም።»

ቃል በቃል ከደብዳቤሽ የገለበጥኩት ነው፤ አንድ ነጥብ አልቀነስኩም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። ምስጋና ትመስላለች። እንዲህ አጥንት የሚሰብር ስድብ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ደሜ ፈላ። ሦስት መልስ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩ። በመጀመሪያው «እንዲህ አላልኩም» ብዬ ካድኩ። እናትሽ በትከሻዬ አጮልቃ አነበበችና፣

«ብለሃል። የኩሽናው መስኮት ክፍት ነበር» አለች።

በሁለተኛው «ብያለሁ፤ ለማለት የፈለግኩት ግን ሌላ ነው» አልኩ።

«ለማለት የፈለግከውንማ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።»

በሦስተኛው፣ ሃያ ሰባት ዓመት የሞላት የእንስሳት ሐኪም፣ እጇን እስከ ትከሻዋ ከትታ ጥጃ የምታዋልድ ሴት፣ አባቷ ከሰባት ዓመት በፊት በንዴት በተናገረው ነገር ኑሮዋን ልትወስን አይገባም ብዬ ሁለት ገጽ ሙሉ ተቆጣሁ።

«ላከው» አለች እናትሽ፤ «እኔም ከሥሩ ‹አልተስማማሁም› ብዬ እፈርማለሁ።»

እሱንም ቀደድኩት። ይህ አራተኛው ነው። በመሃል የሆነውን በቅደም ተከተል እነግርሻለሁና እየዘለልሽ እንዳታነቢ።

ቅዳሜ ጠዋት የግራውን የፊት ጎማ ምስማር ወጋው። ከአደባባዩ ወዲህ ያለው ጎሚስታ ዘንድ ወሰድኩት። ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ይለዋል። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ፣ ፕሮፌሰር የሚባለው እሱ! ጎማውን ፈትቶ ሲያገላብጠው ቆየና ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ይቺን አይተዋታል?»

የጎማው የውስጥ ጠርዝ፣ ወደ መኪናው ሆድ የሚዞረው ወገን፣ ተበልቶ መላጣ ሆኗል። ሽቦው ፈጧል። የውጭው ጠርዝ ግን ገና አዲስ ነው።

«ሊሆን አይችልም። በየወሩ እለካዋለሁ» አልኩት።

«ከየት በኩል ነው የሚለኩት?»

«ከውጭ ነዋ።»

«ጎማ እኮ ውስጥም አለው፣ ጋሼ።» እጁን በጨርቅ ጠረገና ቀጠለ፤ «ለመሆኑ መኪናው ወደ ቀኝ አይስብዎትም?»

«አይስብም። መንገዱ ነው።»

የመንገድ መሐንዲስ መሆኔን ነገርኩት። መንገድ ሁሉ ውሃ እንዲወርድለት ከመሃሉ ወደ ዳር ሁለት ከመቶ ያዘነብላል፤ ስለዚህ በቀኝ መስመር የሚሄድ መኪና ትንሽ ወደ ቀኝ ቢያደላ አይገርምም፤ ይዞ መሄድ የሾፌሩ ፋንታ ነው። መንዳት ሳስተምርሽ ለአንቺ ያስረዳሁትን አንድም ሳላስቀር አስረዳሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«እሺ ጋሼ። መንገዱ ወደ ግራ ሲያዘነብልስ ወዴት ይሄዳል?»

ሠላሳ ዓመት መንገድ ስሠራ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

እሑድ በተበላው ጎማ ቦታ ትርፉን አስገብቼ፣ የአራቱንም ንፋስ አስተካክዬ፣ እናትሽን ጭኜ ወጣሁ። የሄድነው እኛው ሠርተን ወደጨረስነው፣ ገና ለተሽከርካሪ ወዳልተከፈተው መንገድ ነው። በግራው መስመር ገባሁ። እዚያ መንገዱ የሚያዘነብለው ወደ ግራ ነው። በአርባ እየሄድኩ ሁለቱንም እጄን ከመሪው አነሳሁ።

«አንተ ሰውዬ! ምን ሆነሃል?»

«እየለካሁ ነው።»

«በእኔ ነፍስ ነው የምትለካው?»

መኪናው ቁልቁለቱን ትቶ ሽቅብ ወጣ። የመንገዱን አናት ተሻገረና ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ሄደ። አምስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ አምስቱንም ጊዜ ወደ ቀኝ። በአምስተኛው ላይ እናትሽ መጮህ ትታ ነበር።

«ልጅቷ ነግራህ ነበር» አለች ብቻ።

ነግረሽኝ ነበር። ማስተማር በጀመርኩሽ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል። እኔ በቀኝ በኩል ተቀምጬ የመብራት ምሰሶዎቹ አንድ በአንድ ወደ እኔ ሲመጡ ይታየኛል። «ግራ! ግራ ያዢ!» እላለሁ። አንቺ መሪውን ከመጨበጥሽ ብዛት ጣቶችሽ ነጥተዋል። «አባዬ፣ እኔ አይደለሁም እኮ፤ ራሱ ነው የሚሄደው» አልሽ። እኔ ሳቅኩ። ከዚያ ስለ ሁለት ከመቶው አስተማርኩሽ። አሁን ሳስበው ፈርቼ ነበር። አባት ከጎን ተቀምጦ ሲፈራ የሚጮኸው ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሰኞ ፕሮፌሰር ዘንድ ተመለስኩ። ገና ከመኪናው ሳልወርድ፣

«ሽቅብ ወጣ?» አለኝ።

«ወጣ።»

አልሳቀብኝም። መጀመሪያ የፊቶቹን ጎማዎች ግራና ቀኝ አቀያየራቸው፤ ጥፋቱ የጎማ ቢሆን ስበቱም አብሮ ይዞር ነበር። አልዞረም። ቀጥሎ ጥቂት ነድተን ቸርኬዎቹን በእጁ ዳሰሰ፤ ፍሬን የያዘ ቢሆን አንዱ ይግል ነበር። እኩል ናቸው። ያኔ መኪናውን የጎማ አቋም መለኪያው ላይ አወጣው። የግራው ጎማ አናቱ ወደ ውስጥ ዘንበል ብሏል፤ ቀጥ አድርጎ የሚሸከመው ብረት ታጥፏል። የተጣመመው በግራ፣ የሚስበው ወደ ቀኝ፤ ሰው እንዲሳሳት ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

«ይሄ የዛሬ አይደለም፣ ጋሼ። ዝገቱን ይዩት። የሆነ ነገር ውስጥ ገብተዋል።»

«እኔ? የትም አልገባሁም።»

የመኪናው ማስታወሻ ደብተር ከመሳቢያው እንደማይለይ ታውቂያለሽ። ላሳየው አወጣሁት፤ ወደ ኋላ እያገላበጥኩ ሄጄ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። በራሴ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ «ጥቅምት 11። የግራ የፊት ጎማ ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ታየ። ጉዳት የለም።» አንቺን ማስተማር የጀመርኩት በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው።

«ማን ነው ያየው?» አለ ፕሮፌሰር።

«እኔ ነኝ።»

«ከውጭ?»

ደብተሩን ወደ መሳቢያው መለስኩት።

ብረቱን ቀየረ፤ የጎማዎቹን አቅጣጫ አስተካከለ፤ ሁለት አዲስ ጎማም ገባ። አመስግኜው ወጣሁ። ሁለት መቶ ሜትር እንኳ አልሄድኩም፣ መኪናው ወደ ግራ ገባ። መሃል መስመሩን አልፌ ስገባ ከፊት የሚመጣ ታክሲ ጡሩምባውን ለቀቀብኝ፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ሽማግሌ፣ አልጋህ ላይ ተኛ!» አለኝ። ሽማግሌ! ነድጄ ተመለስኩ።

«አበላሸኸው! አሁን ደግሞ ወደ ግራ ይስባል!»

ፕሮፌሰር ከጎኔ ገባ። «ይንዱ» አለኝ። ነዳሁ። «አሁን ይልቀቁት።» ለቀቅኩት። መኪናው እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ።

«መኪናው ድኗል፣ ጋሼ። ያልዳነው እጅዎ ነው።»

እሱን ካወረድኩ በኋላ መኪናውን ዳር አቆምኩ። አንድ የፈተና ውጤት ወረቀት ትዝ አለኝ። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ሁለት ጊዜ የወደቅሽው በፈታኞቹ መኪና ነው። ሁለቱንም ጊዜ ፈታኙ የጻፈው ያው ነው፤ «ወደ ግራ መስመር ትገባለች።» እኔ ከጎንሽ ስቀመጥ ወደ ቀኝ፣ እነሱ ሲቀመጡ ወደ ግራ! በረንዳው ላይ ያን ወረቀት ይዤ ነው የጮህኩብሽ። እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ሁለት መረጃዎች በእጄ ነበሩ። አንድ መሐንዲስ እንዲህ ሲገጥመው መለኪያውን ይመረምራል። እኔ ግን ልጄን ጥፋተኛ አድርጌ ደመደምኩ። አንቺ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ ወደ ክፍልሽ ገባሽ፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ስትነኪ አላየሁም።

ልጄ፣ ያስተማርኩሽን ነው ያደረግሽው። ጠማማ መኪና ላይ አስቀምጬ «ግራ ያዢ» አልኩሽ፤ በአራት ወር ውስጥ እጅሽ ተማረ። ቀጥ ያለ መኪና ሲሰጡሽ የተማረውን አደረገ። የእኔ እጅ ከሰባት ዓመት በላይ ሲያርም ኖሮ ማረሙን እንኳ አያውቅም ነበር። እንዳንቺ ቶሎ የሚማርና እንዳንቺ የሚታዘዝ እጅ አላየሁም።

ስለዚህ ያንን ዓረፍተ ነገር ከዛሬ ጀምሮ ሰርዤዋለሁ። በተሳሳተ ልኬት ላይ የቆመ ነበር። ከእንግዲህ እንደ ማስረጃ አታቅርቢው፤ ለአለቆችሽም፣ ለራስሽም።

ክሊኒኩ መንጃ ፈቃድ እንድታወጪ ሦስት ወር እንደሚሰጥሽ ጽፈሻል። ይበቃል። አስተማሪ ቅጠሪ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ይሁን። የሚያስተምርበትን መኪና ጎማ አስቀድመሽ እዪ፤ ጎንበስ ብለሽ ከውስጥ በኩል። ቀጥ ባለ ቦታ ላይ መሪውን እንዲለቅ ጠይቂው። ቢቆጣ ሌላ ፈልጊ። እኔን ከፈለግሽ እመጣለሁ፤ እናትሽ «ከኋላ ወንበር አስቀምጬ አፉን እይዝልሻለሁ» ብላለች።

እሷ ደህና ናት። ጉልበቷ ያስቸግራታል፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ ስላት «የከብትም ብትሆን የራሴ ሐኪም አለችኝ፣ እስክትመጣ እጠብቃለሁ» ትላለች። ክፍልሽን አልነካንም። መስኮቱ ላይ ያለውን አበባ ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ፤ እናትሽ ናት እንዳትዪ። አንቺ ግን ምሳ ትበያለሽ? በፎቶው ላይ አገጭሽ ሾሏል። መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው።

የምትዳስሺው ሁሉ ይዳንልሽ። በሄድሽበት ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ ደክሞሽ ስትገቢ ቤትሽ ሞቆ ይጠብቅሽ።

ክሊኒኩ መልስሽን የሚጠብቀው እስከ ሚያዝያ 25 ነው። እኔ ደግሞ የወሰንሽውን እስከ ሚያዝያ 20 ድረስ በጽሑፍ እንድታሳውቂኝ እጠይቃለሁ። በስልክ አልቀበልም፤ ድምፅሽን ስሰማ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። ከተቀበልሽ «ተቀበልኩ» ብለሽ ጻፊ፤ ሌላ አልጠይቅም። ካልተቀበልሽ ምክንያቱን ጻፊ፤ ምክንያቱ ግን የራስሽ ይሁን።

አባትሽ