ያልተወለወለችው ብይ

እሑድ፣ ጥቅምት 18 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለቁንጥንጢቱ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ደረጃ ሲያይ ነው የሚያመው። ታላቅ ወንድምሽ ደህና ነው። እብነ በረድ የመቁረጥ ሥራው ቀንቶታል፤ ማታ ማታ አቧራ ለብሶ ሽማግሌ መስሎ ይገባል። ስለ አባትሽ ግን በስልክ «ደህና ነው» የምልሽ አጠገቤ ተቀምጦ ስለሚሰማኝ ነው። ደህና አይደለም። ዓይኑ እየጠፋ ነው።

እነዚያን አሮጌ የብርጭቆ ብዮቹን ታውቂያቸው የለ? ሰዓት መጠገኑን ከተወ ወዲህ ያገባው እኔን ሳይሆን እነሱን ነው የሚመስለው። ድሮ አንዷን መስኮት ዳር ይዞ፣ በውስጧ የተጠማዘዘውን ቀለም በአጉሊ መነጽር ሲያይ ምሳው ይቀዘቅዝ ነበር። አሁን መነጽሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ብይዋን በአውራ ጣቱ ጥፍር እየዳሰሰ እምብርቷን ይፈልጋል። እምብርት የሚለው፣ ማሽን ሳይመጣ በእጅ ስትሠራ ከቀለጠው የብርጭቆ ዘንግ የተቆረጠችበትን ሻካራ ምልክት ነው። የሁሉም ምልክት ለየቅል ስለሆነ «ይቺ ሰማያዊዋ፣ ይቺ ባለ ቢጫ ክሯ» ይላል፣ ሳያይ።

መዘዙ የመጣው ከኩራቱ ነው። ወንድምሽ «አባባ፣ ምነው መነጽርህን ተውከው?» ቢለው፣ «ብዮቹ ደብዝዘዋል፤ ምን የሚታይ አለና!» አለው። የዋሁ ወንድምሽ አመነ። አባቴን ደስ ላሰኘው ብሎ፣ እኔ ገበያ በወጣሁበት ሳጥኑን ይዞ ወደ ሥራ ቦታው ሄደ። ብዮቹን አንድ በአንድ በድንጋይ ማለስለሻው ወልውሎ፣ ኩልል አድርጎ አመጣቸው።

አባትሽ አንዷን አነሳና በጥፍሩ ዙሪያዋን ዳሰሳት። ሌላዋን አነሳ፤ ሌላም ጨመረ። ሁሉም ለስላሳ ሆነዋል።

«እንዴት ናቸው አባባ?»

«ያምራሉ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። በተለይ ይቺ ቀይዋ!»

የያዛት አረንጓዴዋን ነበር። ወንድምሽ ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መስሏል። ከዚያን ቀን ወዲህ በወጉ አይበላም። ልቆጣው አስቤ አንጀቴ እንቢ አለኝ።

የዓይን ሐኪሙ «የጠፋው አይመለስም፤ ቶሎ ቀዶ ጥገና ከተደረገ ግን የቀረውን እናተርፋለን» ብሎናል። አባትሽ «የማየው ምን ቀረኝና ነው?» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ግትርነቱን ታውቂዋለሽ፤ ያንቺንም ከሩቅ አላመጣሽውም።

ልጄ፣ «ዳግመኛ ዓይንሽን እንዳላይ» ያለሽ ንዴቱ ነው። ከማግሥቱ ጀምሮ ይቆጨዋል፤ ግን ሞቶ ነው የሚናገረው! ወደዚያ ብርድ አገር ስትሄጂ ከሳጥኑ ያቺን ወተት የምትመስል ትንሽዬ ብይ ወስደሻል። ያላወቀብሽ መስሎሽ ይሆናል። አንድ ጊዜ ሳጥኑን ሳጸዳ በቦታዋ ሌላ ባስቀምጥ፣ «የሰው ቦታ ነው፤ ተይው» አለኝ።

ብዮቹ ከተወለወሉ ወዲህ ሳጥኑን ሲከፍት አይቼው አላውቅም ነበር። ትናንት ግን ከፍቶ፣ ጣቱን ባዶዋ ቦታ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘሁት። «አንዷ እንኳ ተርፋለች» አለኝ።

አሁን ይህን ስጽፍ «ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለእህቴ» አልኩት። እህቴ ያለችው ከግድግዳው ማዶ ነው። «ብርዱን እንዴት እንደቻለችው ጠይቂልኝ» አለ።

ልጄ፣ ብይዋን በፖስታ ልላካት ብለሽ እንዳታስቢ። በመዳፍሽ ይዘሻት ነይ፤ ቶሎ ነይ። አንቺ እጁን ይዘሽ ካልወሰድሽው ሐኪም ቤት አይገባልንም። እሷን በጥፍሩም ያውቃታል። አንቺን ግን በዓይኑ እንዲያይሽ እፈልጋለሁ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ክፉ አይንካሽ፤ በሰላም ያግባሽ።

እናትሽ