ከላይኛው መደርደሪያ ያወረድኩት ሳሙና

ዘኒዬ፣

ከተለያየን ዛሬ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። በየቀኑ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እንደምጽፍ ታውቂያለሽ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለገባው ዕቃ፣ ማን መጥቶ ምን እንደጠየቀ። ላንቺ ግን ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የምጽፍልሽ ከዚያ ደብተር ውስጥ ሆን ብዬ ያስቀረሁት ነገር ስላለ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራሽ። ሱቁ እንዳለ ነው። በሩን አረንጓዴ ቀባነው፤ አንቺ ሰማያዊ ነበር የምትፈልጊው፣ አዋሳን ሁሉ ዞሬ ሰማያዊ ቀለም አጣሁ። በቀበሌው ሱቅ ሳሙና ከታየ ሦስት ወር አለፈ፤ ሲመጣም ለአንድ ቤተሰብ አንድ ነው። ሰው እንደገና ወደ እንዶዱ ተመልሷል። ጓሮ የተከልሽው ግራዋ ከአጥሩ በላይ ወጥቷል። ጎረቤቶች ቅጠሉን እየቆረጡ ማድጋቸውን ያጥቡበታል፤ አልከለክልም። ሮማን ትምህርቷን ጨርሳ ሱቅ ታግዘኛለች። ባለፈው ወር ትልቁን ድስትሽን አውርዳ፣ እንደ እማዬ ሳሙና ልሥራ አለችኝ። ደስ አለኝ። ሳያት ግን አመዱን በግማሽ ቀንሳዋለች። የፈላው ነገር ቀኑን ሙሉ እንደ አጥሚት ቀጥኖ ዋለ። ለምን አሳነስሽው ብላት፣ "እማዬ አመዱን አብዝታ አይደል የማርታን እጅ ያቃጠለችው?" አለችኝ።

ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

ዘኒዬ፣ አንቺ አመድ አብዝተሽ አታውቂም። ሥራሽን ከዓይኔ ፊት ያለ ያህል አየዋለሁ። ከቱላ ደረቅ የእንሰት ቅጠል አስመጥተሽ ታቃጥያለሽ። አመዱን ታቹ በተበሳ ባልዲ ውስጥ በገለባ ላይ ታደርጊና ውሃ ታፈሺበታለሽ። ቡናማው ውሃ ሲንጠባጠብ እንቁላል ትጥይበታለሽ፤ እንቁላሉ ካልተንሳፈፈ ውሃውን መልሰሽ በአመዱ ላይ ታሳልፊዋለሽ። ከዚያ የሥጋ ቤቱን ሞራ፣ በመጨረሻም ጨው። መጀመሪያ ሰሞን አፍሬብሽ ነበር። የነጋዴ ሚስት አመድ ስታፍስ ትታያለች ወይ ስልሽ፣ "አንተ የፋብሪካውን አምጣ፣ እኔም አመዱን እተዋለሁ" አልሽኝ። የፋብሪካውን ማምጣት አልቻልኩም፤ ያንቺን ሳሙና መሸጥ ጀመርኩ።

ተቆርጦ ሲያልቅ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሁለት ወር ታስተኚዋለሽ። በየሳምንቱ አንዱን አንስተሽ በምላስሽ ጫፍ ነካ ታደርጊና፣ "ገና ቁጣው አልበረደም፣ እጅ ይልጣል" ትያለሽ። ሲበርድለት ወደ ታችኛው ይወርዳል። እኔ የምሸጠው የታችኛውን ብቻ ነበር።

አባትሽ የሞቱ ጊዜ ለለቅሶ አገር ቤት ሄደሽ ሦስት ሳምንት ቆየሽ። አውቶቡስ ላይ ሆነሽ እንኳ የላይኛውን እንዳትነካ ብለሽኛል። የታችኛው በአምስት ቀን አለቀ። ሰው መምጣቱን አላቆመም። ደንበኛ ባዶ እጁን ሲሄድ ማየት አልችልም፤ ሰውም በዚህ ያመሰግነኛል። ስለዚህ ከላይኛው አወረድኩ። የፊተኛውን ረድፍ እንደነበረ ትቼ ከኋላ ከኋላው ወሰድኩ። ስትመለሺ ቀና ብለሽ አየሽና፣ ነካኸው እንዴ አልሽኝ። አልነካሁም አልኩሽ።

በሦስተኛው ቀን ማርታ መጣች፤ ሐይቅ ዳር የሆቴል አንሶላ የምታጥበው። የተላጡ እጆቿን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ፣ "እትዬ ዘነበች፣ ይሄ ሳሙና ነው ወይስ ሚጥሚጣ?" አለችሽ። እንዲያ ስትቀልድ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። አንቺ እጇን በንጹሕ ውሃ ደጋግመሽ አጥበሽ ቅቤ ቀባሽላት። እኔ በሰው ፊት፣ "አመዱ በርትቶብሽ ይሆናል" አልኩሽ። ጥቂት አሰብሽና፣ "ይሆናል፣ መጠኑን ስቼ ይሆናል" አልሽ።

ያን ቀን ከመደርደሪያው የቀረውን ሁሉ ልትጥዪ ተነሳሽ። እኔ ላውርደው፣ አንቺ አረፍ በይ አልኩሽ። አመሰገንሽኝ። እኔ ግን የኋላው ባዶ መሆኑን እንዳታዪ ነበር የተሽቀዳደምኩት።

ማርታ ሥራዋን እንዳትነጠቅ ብለሽ እጇ እስኪድን አንድ ወር ሙሉ በእሷ ፈንታ አንሶላውን አጠብሽ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ ስትወርጂ ከሱቁ በር ቆሜ አይሽ ነበር። ሳሙና መሥራቱን በዚያው ተውሽው። አንዳንዴ እህል እየለቀምሽ፣ ጨው ይሆን? ሞራው ይሆን? ስትይ እሰማለሁ። ሰምቼም ዝም።

ለራሴ ሰበብ ነበረኝ። በዚያን ሰሞን አሻጥረኛ የተባለ ነጋዴ ሱቁ ይታሸግ ነበር፣ እሱም ይታሰር ነበር። ለማርታ ብናገር ወሬው ቀበሌ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቱ እውነት ነው። አንቺ ግን ለማን ትናገሪብኝ ነበር? ለማንም። ካንቺ የደበቅኩት አልነካሁም ያልኩትን ማጠፍ ስላሳፈረኝ ብቻ ነው። ከመሞትሽ በፊት ስትታመሚም ከአልጋሽ አጠገብ ስንት ቀን ተቀመጥኩ። ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ እንኳ አውርተናል።

ሮማን ስለ አመዱ በጠየቀችኝ ማግስት እውነቱን ነገርኳት። ማማሰያውን አስቀመጠችና፣ "እማዬ ታውቅ ነበር?" አለችኝ። አታውቅም አልኳት። "ታዲያ አባዬ፣ ለእኔ መንገርህ ለእሷ ምን ይፈይዳል?" አለች። ድስቱን አውጥታ ደፋችው። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን አመዱን በሙሉ መጠኑ አድርጋ እንደገና ጀመረች፤ እንቁላሉም ተንሳፈፈ።

ከዚያ ማርታ ዘንድ ሄድኩ። እጇ ላይ ጠባሳው አለ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ልብስ እየጨመቀች ሰማችኝ። ስጨርስ፣ "ጋሼ፣ እትዬ ዘነበች ያን ወር በየቀኑ ይቅርታ ትለኝ ነበር። ተይ በቃሽ ብላት አልሰማ አለችኝ። እርስዎ ይኸው ዛሬ መጡ" አለችኝ። ቁጭ ይበሉም አላለችኝ።

እኔ አንዴ ብናገር የሚበቃ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ያንቺ ይቅርታ ሠላሳ ቀን መሆኑን ከማርታ ሰማሁ፤ ያውም ባላጠፋሽው። እሑድ የዕድር ስብሰባ አለ፤ እዚያ ተነስቼ እናገራለሁ። ከዚያ በኋላም በዚህ ሰፈር "ዘነበች ያበላሸችው ሳሙና" የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር፣ ሥራዬን አቁሜ ያበላሸሁት እኔ ነኝ እለዋለሁ። ሽማግሌው ያን ወሬ ደግሞ ጀመረ ብለው እስኪሰለቹኝ ድረስ። አንቺን የማስታውስበት ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ባለቤትሽ