የታጠበው ጠገራ ብር

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ ልደታ

ዛሬ ከሥራ ስገባ አንበሳ የተቀረጸበት የአባቴ ጠገራ ብር ጠረጴዛው ላይ ያብረቀርቃል። እናቴ በሎሚና በአመድ ፈትጋዋለች። ደሜ ፈላ። የድሮ ገንዘብ የሚሰበስቡት የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ፣ እሑድ ለት እናቴ በሌለችበት እቤት መጥተው ሲያዩት ያሉኝን አልረሳሁም። "ብዙው ጠገራ ለአንገት ጌጥ ተብሎ ተበስቷል፤ የቀረውም ታጥቦ ታጥቦ አልቋል። ያንቺ ውድ የሚሆነው እንዳለ ስለተቀመጠ ነው። ጥቁረቱን እንዳትነኪው!"

አመሻሹ ላይ እሳቸው መጡ። ብሩን በአጉሊ መነጽራቸው አገላብጠው አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። "አበላሻችሁት! አሁን ዋጋው የብሩ ክብደት ብቻ ነው።" ወዲያው ደግሞ፣ "ለጉርብትናችን ስል ግን እኔው ልግዛችሁ" አሉ።

የተበላሸ ዕቃ ለጉርብትና ብሎ የሚገዛ ሰው አይቼ አላውቅም። "አስቤበት እነግርዎታለሁ" ብዬ ሸኘኋቸው።

በሩን እንደዘጋሁ እናቴን፣ "ለመሆኑ ማጠቡ ዛሬ እንዴት ትዝ አለሽ?" አልኳት።

"እሳቸው ናቸው እንጂ! ትናንት ደረጃው ላይ አግኝተውኝ፣ 'የሟቹ ዕቃ እንዲያ ጠቁሮ ሲቀመጥ አያሳዝንም?' አሉኝ። እውነታቸውን ነው ብዬ አጠብኩት።"

አሁን ሳስበው፣ እሑድም ሆነ ዛሬ አጉሊ መነጽራቸውን አስጠግተው የቆዩት ጥቁረቱ ላይ አልነበረም። ከአንበሳው እግር ሥር፣ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ነው፤ ብሩን ውድ የሚያደርገው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እሱን ደግሞ ሎሚም አመድም አያስለቅቀውም።