የመጋዘኑን ቁልፍ ማን አስታወሰ?

ግንቦት 1994 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ወንዳወቅ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው። «እኛ ደህና ነን» ብዬ ከጀመርኩ እንደ ልማዴ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ አውርቼ እጨርሳለሁ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ያደረግሁት እሱን ነው። እስከ ዛሬ ደብዳቤ የምትደርስህ በልጄ በይታገሱ እጅ ተጽፋ ነበር። ይቺን ግን እንዲያያት አልፈለግሁም። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳትን ፊደል ይዤ ራሴ ተቀምጫለሁ፤ ጽሕፈቷ ብትንጋደድብህ ታገሠኝ።

ከወለጋ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። «ለእናቴ ተዝካር እመጣለሁ፤ ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ከሀይሉ ጋር የምንወራረደው አለ» ብለሃል። ምን ይዘህ እንደምትመጣ አልነገርከኝም፤ እኔም ስለማውቅህ አልጠይቅህም። ብቻ ሀይሉ ምንም አላደረገህም። ያደረግሁህ እኔ ነኝ።

እስቲ በቅጡ ልንገርህ። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ ኮሚቴ ውስጥ እንደነበርኩ ታውቃለህ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር የሠራ ሁሉ «ቢሮክራት» እየተባለ መሬቱ ተቀንሶ ለሌላው ሲታደል፣ የአንተ ስም ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ደግሞስ ምን ሠርተህ? የማኅበሩ መጋዘን ጠባቂ ቢታመም ሦስት ወር ቁልፍ ያዝክለት፤ በቃ። አገሩ ሁሉ ረስቶት ነበር። እኔ ግን አልረሳሁም። ቁልፉን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ስትንጎራደድ «ጌታው!» እያልኩ የማሾፍብህ እኔ ነበርኩ።

ሀይሉ ሊቀ መንበራችን ነበርና፣ «ሌላ የቀረ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ የወንዙ ዳር ማሳህ ዓይኔ ላይ መጣ። የእኔ መሬት ጭንጫ ነው፣ ሦስተኛዋ ልጄ ገና መወለዷ ነበር፤ ከአንተ ቢቀነስ ተረኛው እኔ እንደሆንኩም አውቃለሁ። «ወንዳወቅስ? ቁልፍ ይዞ አልነበር እንዴ?» አልኩ። ይህችው ናት። ሀይሉ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ኧረ ተስፋው! መቀናጆህ እኮ ነው!» አለኝ። አንድ አንድ በሬያችንን አቀናጅተን የምናርስ መሆናችንን ማን የማያውቅ አለ? «እውነት ለማንም አያዳላም» አልኩት። እኔ ነኝ ደግሞ የእውነት ሰው!

ማን ምን እንዳለ እንዳይወጣ በሚካኤል ተማምለን ነበር። ዝርዝሩን በአደባባይ ያነበበው ሀይሉ ነው፣ ቀድሞም በግጦሽ ተጣልታችሁ ነበር፤ ስለዚህ ጥርጣሬህ እሱ ላይ ወደቀ። «ያ እባብ!» ስትል አጠገብህ ቆሜ ራሴን ነቀነቅሁ። ይኸው እስከ ዛሬ በእኔ ኀጢአት ሰው ፊት ይነሣዋል። እሱ ግን መሐላውን ጠብቆ አንድ ቀን እንኳ ስሜን አላወጣም። መንገድ ላይ ሲያየኝ አንገቴን የምደፋው እኔ ነኝ።

ማሳህ ሲለካ ገመዱን ይዤ ነበር። የድንበሩን ድንጋይም በገዛ እጄ ተከልኩ። አንተ ዳር ላይ ቆመህ፣ «ግድ የለም፣ ለባዕድ ከሚደርስ ለአንተ መድረሱ ይሻለኛል» አልከኝ። ምነው በሰደብከኝ!

ከዚያማ በሬህን ቦራን ሸጠህ ሄድክ። ጅጋ ድረስ ሸኘሁህ፤ አልቅሻለሁም፤ ልቅሶው የውሸት አልነበረም። የእኔው በሬ ጉራች ብቻውን ቀረ። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ያ የጎመጀሁለት ማሳ በመጀመሪያው ዓመት ሙጃ ለበሰ፣ ኋላም ለእኩል አራሽ ሰጠሁት። አንተ ከወለጋ «እዚህ መሬት ሰፊ ነው» ብለህ ስትልክ ወንድሞችህ ተከተሉህ፣ ቀጥሎ ጎረቤቶቻችን ተነሡ። አሥራ ሁለት የነበርነው የሚካኤል ማኅበርተኞች አምስት ቀርተናል። እናትህ ያረፉ ቀን ቃሬዛ የሚሸከም ጎልማሳ ጠፍቶ ከማዶ መንደር ሰው ለምነናል።

ሰው ሲጠይቀኝ «መሬት ጠቧቸው ተሰደዱ» እላለሁ። መሬቱስ በእርግጥ ጠቧል። አንተን ያሰደደህ ግን የእኔ አፍ ነው። ባለፈው ይታገሱ «ለሰሊጥ አረማ ሑመራ ልውረድ» ቢለኝ፣ «አገርህን ትተህ?» አልኩት። «አባዬ፣ ማን ቀረና ነው አገር የምትለው?» አለኝ።

እናትህ እማማ አይናለም ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አስጠርተውኝ፣ «ተስፋው ልጄ፣ አንተ ስትነግረው ይሰማሃል። ሀይሉን ይቅር በለው በልልኝ። ልጄ በደም እጁ መቃብሬ ላይ እንዳይቆም» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ወንዳወቅ፤ እንዲያው እግዜር ያውቃል ከፍቼው ነበር። «እሺ እማማ» ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ልጃቸውን ማን እንደነቀለባቸው ሳያውቁ መርቀውኝ ሞቱ።

የንስሐ አባቴን አባ ገብረ ሕይወትን፣ «መሐላ አለብኝ፣ እንዴት ልናገር?» አልኳቸው። «የገዛ ኀጢአትህን እንዳትናገር የሚያስር መሐላ የለም። አምስት ዓመት ምን ስትጠብቅ ነበር?» አሉኝ። ምን ስጠብቅ ነበር? እንድትረሳው ነበራ።

ማሳው እንዲመለስልህ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ እኔ ግን ከእንግዲህ አልረግጠውም። ይህችን ደብዳቤ ቡሬ በርበሬ የሚነግደው አብዱሰመድ ከወለጋ ሳትነሣ እንዲያደርስልህ አስምዬዋለሁ።

ጅጋ ስትወርድ ሀይሉን አትፈልገው። መኪና መውረጃው ላይ እኔ እቆማለሁ። ሽማግሌ አላሰልፍም፤ በሽማግሌ አፍሮ ይቅር ያለኝ እንዲሆን አልፈልግም። የአባቶቻችንን ወግ ይዤ ድንጋይ ተሸክሜ ታገኘኛለህ። ሌላ ድንጋይ አልፈለግሁም፤ ማሳህ ላይ የተከልኩትን ትናንት ነቀልኩት። ስተክለው እንዲህ አልከበደኝም ነበር። ከጫንቃዬ የሚያወርደው የአንተ እጅ ብቻ ነው፤ ካላወረድከውም እዚያው እንደ ተንበረከክሁ የመጣህበትን ጨርስ።

መቀናጆህ የነበርኩት፣
ተስፋው